መለኪያዋ ኮከብ

በተቋሙ ሦስተኛ ፎቅ የምትሠራውን ሴትዮ ሰው ሁሉ የሚያውቃት «ሙቀት ለቃሚዋ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት የበር ጥበቃው ነው። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ተገናኙና፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ከሩቅ ኮከቦች የሚመጣ ሙቀት እሰበስባለሁ» አለችው። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አያት። በበጋም በክረምትም የማይለያትን ወፍራም ሹራብ ለብሳለች። «ታዲያ ምናለበት ለራስዎ ትንሽ ቢያስቀሩ?» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ተጣበቀባት። እሷም አልከፋትም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅጽል ስም ያወጣላት ሰው ስላልነበረ፣ እንዲያውም ደስ ሳይላት አልቀረም።

ሥራዋ ሲወራ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ኮከብ ሲወለድ በአቧራ ተጀቡኖ ነው የሚወለደው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ያንን አቧራ ጥሶ አይወጣም። ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ ዓይን የማያየው፣ ቆዳ እንደ ሙቀት የሚያውቀው ብርሃን ግን ሹልክ ብሎ ያመልጣል። እሷ የምትጠብቀው እሱን ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የተከታተለችው ደግሞ አንድ ጥንድ ኮከቦችን ነው፤ እርስ በርስ የሚዞሩ፣ በኮከብ ዕድሜ ገና ጥርስ ያላወጡ ሕፃናት። «መንታዎቹ» ትላቸዋለች። በዙሪያቸው እንደ ትልቅ ሳህን የተዘረጋ አቧራ አለ፤ ፕላኔት የሚሠራው ከዚያ አቧራ ነው።

ችግሩ መንታዎቹ ከመጠን በላይ ማብራታቸው ነው። የመኪና መብራት ፊት ለፊት ሲበራብን ከኋላው የቆመውን ሰው እንደማናየው ሁሉ፣ በነሱ ነጸብራቅ የተነሳ አቧራው አይታይም። ስለዚህ ሌላ ኮከብ ይፈለጋል፤ ጓደኛም አቧራም የሌላት፣ ብቻዋን ያለች ኮከብ። የሷ ፎቶ ይነሳና ነጸብራቋ ከመንታዎቹ ላይ ይቀነሳል፣ አንዴ ከአንደኛው፣ አንዴ ከሁለተኛው። ያኔ አቧራው ብቅ ይላል። ያቺ ኮከብ «መለኪያ» ትባላለች። ሙቀት ለቃሚዋ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ዓመት አንዲት መለኪያ መረጠች፤ ከዚያ ወዲህ የሁሉም ዓመት ፎቶ በአንድ ዓይን ይታይ ብላ ለውጣት አታውቅም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሙያው ያስመሰግናል። ጉዷም የመጣው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው።

ቢሮዋ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ገጥመው ተቀምጠዋል። አንደኛው የሷ ነው። ሌላኛው ለአሥራ ሰባት ዓመት «አቶ ጥርጣሬ» የሚባለው የሥራ ባልደረባዋ ነበር። የቢሮውን ሰዓት በእጅ ሰዓቱ፣ የእጅ ሰዓቱን በሬዲዮ የሚያመሳክር፣ ሬዲዮውንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የማያምን ሰው ነው። እሷ ትቸኩላለች፣ እሱ ይጎትታል። እጅና ጓንት ነበሩ። ምሳዋን ረስታ ከመጣች፣ እሱ ምንም ሳይናገር የራሱን ከሁለት ከፍሎ በወረቀት ያሻግርላታል። ፍቅር ነበር ወይ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ እኔ እንጃ። እሱ ሚስት ነበረው፣ እሷ ሥራ ነበራት። ነበር ብትሉኝ ግን አልከራከርም።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በመንታዎቹ አቧራ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ታየች። አቧራው እዚያ ቦታ ላይ ተጠርጓል ማለት ነው። አቧራ ደግሞ ጠራጊ ይፈልጋል፤ ጠራጊዋም በመወለድ ላይ ያለች ፕላኔት ናት። ሙቀት ለቃሚዋ የድሮ ፎቶዎቿን ብታገላብጥ ነጥቧን እነሱም ላይ አገኘቻት፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ፈቀቅ ትላለች። ፈቀቅ ካለች ትዞራለች፣ ከዞረች ደግሞ በእርግጥ አለች። ያን ሰሞን እግሯ መሬት አልነካም።

አቶ ጥርጣሬ ፎቶውን ሲያይ ቆየና፣ «ይቺ ሁለተኛዋ አላማረችኝም» አለ።

እውነትም ከዋናዋ ነጥብ ጎን ሌላ፣ አለች ቢሏት ያለች፣ የለችም ቢሏት የሌለች፣ የደበዘዘች ጠብታ ነበረች። እሷ የካሜራ ኮተት ነው ብላ አልፋታለች። እሱ ማስመሪያ አወጣ።

«በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በመንታዎቹ መካከል ካለው ጋር አንድ ነው። አቅጣጫውም ያው። እስቲ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሌላ መለኪያ እንውሰድ።»

«ሌላ መለኪያ ማለት የቴሌስኮፕ ግማሽ ሌሊት ማለት ነው። ከየት አባቴ ላምጣልህ?»

ሦስት ጊዜ አነሳባት። ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ግኝቱን በተቋሙ አዳራሽ፣ ለባልደረቦቿና ከውጭ ለመጡ እንግዶች ያቀረበች ቀን፣ መጨረሻ ላይ እጁን አወጣ። ያንኑ ጥያቄ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀ። የሷ ደም ግን ፈላ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰው ሁሉ ፊት! ማይክሮፎኑን አልለቀቀችም። «ይኼ ጥያቄ አይደለም፣ ምቀኝነት ነው» አለች። «ሰው በሌላው ሥራ ዓይኑ ሲቀላ እንዲህ ምቀኛ ይሆናል።» ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ።

በሳምንቱ ስለ ነጥቧ በጋራ ከጻፉት ጽሑፍ ስሙን አስወጣ። በወሩ መጻሕፍቱን በሁለት ካርቶን ይዞ ሄደ። ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሷ «ነገ ኩርፊያው ሲበርድለት ይደውላል» ስትል፣ እሱ ሳይደውል፣ እሷም ሳትደውል፣ ነገ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ፕሪንተር አስቀመጠችበት። ናፍቋት ነበር ወይ? በጣም እንጂ! አንዳንዴ ቁጥር ስታስገባ፣ «አየህ፣ ልክ መጣ» ብላ ቀና ትልና ፕሪንተሩን ታየዋለች። ቤቷ ስትገባም የሚጠብቃት የለም። እህቷ እሁድ እሁድ ትደውልና፣ «በልተሻል?» ትላታለች። «በልቻለሁ።» «ምን?» ያኔ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ሁሉ ትቆጥርላታለች፤ ሁለት ደቂቃ ይሞላል። ሌላ ያላት ነገር ያቺ ጥቁር ነጥብ ናት። የተሾመችው፣ የተጠቀሰችው፣ በየመጽሔቱ ስሟ የተነሳው በሷ ነው።

ጡረታ ልትወጣ አምስት ሳምንት ሲቀራት፣ በትልቁ ቴሌስኮፕ ላይ የሦስት ሰዓት ጊዜ ተፈቀደላት። በቀጣዩ ሐሙስ በአዳራሹ የስንብት ንግግር ታደርጋለች፤ የተቋሙ ኃላፊ ነጥቧን ከመቼውም ይልቅ አጥርታ እንደምታሳይ ለሁሉም በኢሜይል አስታውቋል። ቴሌስኮፑ ያለው ከምድር ወዲያኛው ገጽ፣ ተራራ ላይ ነው፤ እዚያ ሲመሽ እዚህ ይነጋል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሻይዋን ይዛ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። ቴሌስኮፑን የሚያሽከረክረው ነጂው፣ ጆሮው ድረስ ኮፍያ ደፍቶ በስክሪኑ ብቅ አለ።

«እንዴት አደሩ እትዬ?»

«እኔማ አድሬያለሁ፣ ያላደርከው አንተ ነህ።»

«እኔ እንኳ ዛሬም የማድር አይመስለኝም፤ ነፋሱ ሊወስደን ነው። መንታዎችዎን ማየት እንችላለን። መለኪያዋ ያለችበት አቅጣጫ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ወደዚያ ማዞር ክልክል ነው።»

«እንጠብቃታ።»

«ሰዓቱ ይሄድብዎታል። እዚሁ ከመንታዎቹ አጠገብ ሌላ መለኪያ አለች፤ ብዙ ሰው ይጠቀምባታል። እሷን ልስጥዎት?»

ሙቀት ለቃሚዋ ፊቷን አጨማደደች። «ለጊዜው ይሁን» አለች፣ ጫማው ጠፍቶበት የሰው ጫማ እንደሚዋስ ሰው።

መንታዎቹ ተነሱ፤ አዲሷ መለኪያ ተነሳች። ኮምፒውተሩ ነጸብራቁን ከነጸብራቅ ሲቀንስ አቧራው ወጣ፣ ባየችው ጊዜ ሁሉ ጠርቶ የማያውቀውን ያህል ጠርቶ። ወደ ግራ በኩል አየች። ነጥቧ የለችም። ምስሉ ተገልብጦ ይሆናል ብላ አዞረችው። በላይም የለችም፣ በታችም የለችም። አቧራው ሙልት ብሎ፣ ማንም ሳይነካው ተዘርግቷል።

«ደህና ነዎት?» አለ ነጂው።

«ነፋሱ መቼ ነው የሚበርደው?»

በሦስተኛው ሰዓት በረደ። የድሮዋን መለኪያ አነሱ። በሷ ብትቀንስ ነጥቧ ከች አለች። ከጎኗም ያቺ የደበዘዘችው ጠብታ፣ በዚህ ትልቅ ቴሌስኮፕ ኮተት ሊሏት በማይቻል ሁኔታ፣ ቁልጭ ብላ ታየች። ሁለት ነጥቦች፣ አንዷ የጎላች አንዷ የደከመች፣ ልክ እንደ መንታዎቹ፣ ልክ በነሱ ርቀት። ክው አለች። በሃያ ስምንት ዓመት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ መለኪያዋን ራሷን በአዲሷ መለኪያ ለካቻት። ነጸብራቋ ሲጠረግ፣ ከጎኗ አንዲት ደቃቅ የብርሃን ፍሬ ቀረች።

መለኪያዋ ብቻዋን አልነበረችም። ሁልጊዜም ጓደኛ ነበራት። ነጸብራቋ ከእያንዳንዱ መንታ ላይ ሲቀነስ ጓደኛዋም አብራ ስትቀነስ፣ ሁለት ጥቁር ቀዳዳ ትታ ትሄድ ነበር። ነጥቧ በየዓመቱ ፈቀቅ የምትለውም ያቺ ጓደኛ መለኪያዋን ስለምትዞር ነው። ባለሱቅ የሚመዝንበትን ድንጋይ መልሶ ሚዛን ላይ እንደማያወጣው፣ እሷም መለኪያዋን ለክታ አታውቅም ነበር። ፕላኔትም የለች፣ ጠራጊም የለ።

«እንዴ እትዬ!» አለ ነጂው። ስክሪኑን በእሱም በኩል ያየዋል። «ይቺ ምንድን ናት? አዲስ ኮከብ አገኙ እኮ! እንኳን ደስ ያለዎት!»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለችና ካሜራውን አጠፋች። ከዚያ ሹራቧን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ነገሩን ማፈን ይቻል ነበር። ነጂው የገባው ነገር የለም። ፎቶዎቹ ለአንድ ዓመት ከሷ በቀር ለማንም አይከፈቱም፤ በዓመቱ እሷ ጡረተኛ ናት። የድሮዋን መለኪያ ብቻ ተጠቅማ ሐሙስ ብታሳይ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ አበባ ይሰጣታል፣ በቃ። ማክሰኞን ሙሉ ይህን ስታሰላስል ዋለች። ደግ ሴት ነበረችና ወዲያው እውነቱን መረጠች ብዬ አልዋሽም። አቧራውን ያለ ቀዳዳ፣ ከነቀዳዳው፣ ደግሞ ያለ ቀዳዳ ስታየው ዋለች። የከበዳት ግን ሌላ ነው። ዓይኗ ባረፈበት ሁሉ ማስመሪያ የያዘ እጅ ይታያታል።

ረቡዕ ከሰዓት አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ሄደች። አቶ ጥርጣሬ ሥራውን ከለቀቀ ወዲህ መነጽር ቤት እንደከፈተ ሰምታ ነበር። ጠባብ ሱቅ ናት፤ ግድግዳው በባዶ ፍሬሞች ተሞልቷል። እሱ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር አድርጎ፣ ትንሽ ብሎን ያጠብቃል። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይጠብቃሉ።

ቀና ብሎ አያት። ብሎኑን አልለቀቀም።

«ሌላ መለኪያ ወሰድኩ» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

«የምን መለኪያ?»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «የመንታዎቹን ነዋ። ነጥቧ የለችም። መለኪያዋ ጓደኛ ነበራት። አንተ ነበርክ ልክ።»

አቶ ጥርጣሬ ትንሽ አሰበ። «እ… እሷን ነው እንዴ? እኔ እኮ እሷን ከረሳኋት ስንት ዘመኔ።»

«እንዴት ትረሳታለህ? በሷ አይደል እንዴ የተኮራረፍነው?»

«አንቺ በኮከብ የተኮራረፍን መስሎሻል?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ያለ መነጽር ጆሮዬ አይሰማም፣ እናንተ ቀጥሉ» አሉ።

እሱ ብሎኑን አስቀመጠ። «ተሳስተሃል ብትዪኝ ይገባኝ ነበር። ስንቴ ተሳስቼ ነግረሽኝ አልሳቅንም? ምቀኛ አልሽኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ፣ ሰው ፊት ምቀኛ አልሽኝ። ቤት ገብቼ ‹እውነቷን ይሆን?› ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሁለት ዓመት ጠየቅሁ፤ ሌላ ቦታ ይህንኑ ሥራ ሞከርኩ። የሰው ፎቶ ላይ ስህተት ባየሁ ቁጥር ‹ምቀኝነቴ ነው ያሳየኝ› እያልኩ ዝም አልኩ። በዚህ ዓይነት የኛን ሥራ መሥራት ይቻላል? አይቻልም። ተውኩት።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ነጥቧ ልትሟገተው ተዘጋጅታ ነበር። ለዚህ ግን አንዲት ቃል አላዘጋጀችም።

«ይቅር በለኝ» አለች። «ምቀኛ አልነበርክም። ፈርቼ ነው። ነጥቧን ትወስድብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ይሁን» አለ እሱ። ይቅር ማለቱ ይሁን አርፈሽ ሂጂ ማለቱ፣ ልትለየው አልቻለችም።

«ሰው ፊት ያልኩትን ሰው ፊት አነሳዋለሁ። ነገ በአራት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ እናገራለሁ። ና።»

«ሱቁን ማን ይይዝልኛል?» አለና የሽማግሌውን መነጽር አነሳ። «ይሞክሩት እስቲ አባባ። አፍንጫዎን ይወጋዎታል?»

ሐሙስ አዳራሹ ሙሉ ነበር። አበባው ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ምስል አሳየች፤ አቧራው ብቻ፣ ምንም የሌለበት። ማጉረምረም ተሰማ። መለኪያዋንና ጓደኛዋን አሳየች፤ ሁለቱ ነጥቦች እንዴት እንደተፈጠሩ አስረዳች። ፕላኔት እንደሌለች፣ የታተመውን ጽሑፏን ከመጽሔቱ እንደምታነሳ ተናገረች። ኃላፊው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለች። «የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ፣ ይህንን ስህተት ያየውን ሰው ምቀኛ ብዬዋለሁ። ያኔ የሰማችሁኝ ሁሉ ዛሬም ስሙኝ። ውሸቴን ነበር። ያን ጊዜ ምቀኛዋ እኔ ነበርኩ።»

ከፊት የተቀመጠች አዲስ ተመራማሪ እጇን ከፍ አደረገች። «ይቅርታ፣ ማን ነው እሱ?»

ሙቀት ለቃሚዋ ያኔ ነው አዳራሹን አንድ በአንድ ያየችው። የድሮው ኃላፊ ሞቷል። ከኋላ ሆነው የሳቁት አንዱ ወደ ሌላ ተቋም ሄዷል፣ ሌላው ጡረታ ወጥቷል። እንግዶቹ እንግዶች ነበሩ፤ ሄደዋል። ከነዚህ ሁሉ ፊቶች መካከል ያን ቀን እዚህ የነበረ አንድም ሰው የለም። ቃሏን የሰሙት ሁሉ ይዘውት ሄደዋል፤ እሷ ዛሬ የምታነሳው ምንም ካልሰሙ ሰዎች ላይ ነው። ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ተዘግቷል። ትንሽ ጠብቃ ደግማ አየች።

«ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ ሰው ነበር» አለች።

ልጅቷ ጨዋ ናትና ራሷን ነቀነቀች፤ ማስታወሻዋ ላይ ግን የጻፈችው ነገር የለም። ኃላፊው ሰዓቱን አየና፣ «ሌላ ጥያቄ?» አለ። ከመሃል አንዱ ተነስቶ፣ የመጨረሻው ፎቶ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ጠየቃት። አርባ ሴኮንድ ነው አለችው።